ቬርና ያላስገባችው ቧንቧ

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ጠላት ነበረኝ፤ እናቴ። ያጣላን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። እሷ ከቤታችን ጀርባ አይገባም አለች፣ እኔ ይገባል አልኩ፣ አባቴ እንደ ልማዱ ምንም አላለም። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ጥዬ፣ የከተማችንን የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ወለል የሚያለሰልሰውን መኪና እነዳለሁ፤ ስለ በረዶ ሊከራከረኝ የሚፈልግ ካለ ይምጣ። ስለ እናቴ ግን፣ ያን ጊዜ ገባኝ ካልኩት ውስጥ አንዱም ልክ እንዳልነበረ ያወቅኩት ገና ባለፈው ወር ነው።

የእኛ አገር ብርድ ቀልድ አያውቅም። ከኅዳር እስከ መጋቢት እርሻው፣ ጣሪያው፣ መንገዱ ሁሉ ነጭ ነው። ልጅ ያለው አባት ሁሉ ከቤቱ ጀርባ በጣውላ ከልሎ ውሃ ያፈስና በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱበት የሆኪ ሜዳ ይሠራል። ይህን ያላደረገ አባት ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። በዚያ ዓመት የከተማው አዳራሽ ጣሪያው ጎብጦ ስለተዘጋ፣ እኔ ያለኝ በረዶ አባቴ ጓሯችን ውስጥ የሠራው ብቻ ነበር። በመጋቢት ደግሞ ለአውራጃው የሴት ልጆች ቡድን ተጫዋች ይመረጣል። በረዶው ከተበላሸ አለቀልኝ ማለት ነው።

ሰው የማያምነው አንድ ነገር አለ፤ ጥሩ በረዶ የሚሠራው በሙቅ ውሃ ነው። ቀዝቃዛውን ብታፈሱበት ላይ ላዩን ይተኛና ፀሐይ እንዳቃጠለው ቆዳ ይላጣል። ሙቁ ግን የታችኛውን በረዶ ትንሽ አቅልጦ፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ አካል ሆኖ ይቆማል። ችግሩ ሙቁ ውሃ ያለው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ መሆኑ ነው። አባቴ ሁለት ባልዲ ሞልቶ አሥራ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ በጓሮ በር ወጥቶ ሦስት ደረጃ ይወርዳል፣ ይደፋል፣ ይመለሳል። ሃያ ጊዜ። አንዳንዴ ሠላሳ። በረዶው መስታወት ከሆነም በኋላ አይተወውም፤ ገና ይቀረዋል ብሎ እንደገና ይወርዳል። እኔ ለእኔ ሲል መስሎኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

ከገና በፊት በነበረው ቅዳሜ ከጓሮ በሩ ደረጃ ላይ ተንሸራተተና ሁለቱም ባልዲ እላዩ ላይ ተደፋ። አንደኛ አቃጠለው፤ ሁለተኛ፣ ተነስቶ በሩን እስኪከፍት ድረስ ሱሪው እግሩ ላይ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ቆመ። እናቴ ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ በመቀስ ቀድዳ አወለቀችለት። የሱሪው አንድ እግር ወለሉ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። አባቴም ፈገግ አለ። እናቴ ግን ተንበርክካ የቀላ እግሩን ይዛ ቀና ብላ አየችው።

«ዳኒሎ፣ ተናገር። ያመሃል? አንዴ ብቻ ያመኛል በለኝ።»

«ደህና ነኝ» አለ አባቴ።

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ሱሪው አዲስ ስለነበር የተናደደችው ለሱሪው ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቴ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ ሲወጣ ቃላቱን እዚያው ታች ትቶ ይመጣል። «ደህና ነኝ» የሚለውን ብቻ ነበር ይዞ የሚወጣው። እናቴ ያንን ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰማ እንደኖረች፣ መቀሱ የተወረወረው በእነዚያ ሁለት ቃላት ላይ እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

በማግስቱ ጎረቤታችን ኔስቶር የአባቴን እግር ሊያይ መጣ። ኔስቶር ዕድሜውን በቧንቧ ሥራ የጨረሰ፣ አንድ ዓይኑ የደከመ፣ ምላሱ ግን ያልደከመ ሽማግሌ ነው፤ እኔ አጎቴ እለዋለሁ እንጂ ዘመዳችን አይደለም። እግሩን እንኳ በቅጡ ሳያይ በአባቴ ላይ መሳቅ ጀመረ።

«ዳኒሎ፣ አህያ ነህ እንዴ ውሃ የምትሸከመው? ግድግዳውን በስቼ ከማሞቂያው ቀጥታ ወደ ጓሮ ቧንቧ ላውጣልህ። ጎማ ትሰካለህ፣ አለቀ።»

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ ድንች እየላጠች ነበር፤ ዞር ሳትል «ግድግዳው አይበሳም» አለች።

ጦርነቱ የተጀመረው ያን ቀን ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኩ። ቧንቧው በብርዱ ይፈነዳል አለችኝ። ጫማዬን እንኳ ሳላስር ሮጬ ኔስቶር ጋ ሄድኩ፤ እሱ ደግሞ ቧንቧው ራሱ ቤት ውስጥ፣ ሙቀት ውስጥ እንደሚተኛ፣ ውጭ የሚቀረው አፉ ብቻ እንደሆነ፣ ጎማውን ነቅሎ ማስገባት እንዳይረሳ እንጂ ምንም እንደማይሆን አስረዳኝ። ተመልሼ ነገርኳት። ማሞቂያው ትንሽ ነው፣ ለበረዶው ከፈሰሰ ለገላ አይተርፍም አለች። እስከ ሚያዝያ ገላዬን ላልታጠብ ቃል ገባሁ።

«እሱ ደግሞ የማን ቅጣት ነው? የአንቺ ወይስ የኛ?» አለችኝ።

ሌላ ምክንያት አመጣች፣ ሌላ መልስ አመጣሁ። በመጨረሻ ምክንያት አለቀባትና በእጇ የነበረውን ፎጣ አጥፋ፣ ዘርግታ፣ እንደገና አጥፋ፣ «ለሚመጣው ሰው የተበሳ ግድግዳ አናስረክብም» አለች። እኔ የሰማሁት «የሚመጣው ሰው» የሚለውን ነው። እንግዳ ሊመጣብን ነው። ማን ይሆን? ምናልባት ሳስካቱን ከተማ ያለችው አክስቴ። ለአክስቴ ግድግዳ ታይቶ እኔ በረዶ ልከለከል!

እናቴ በዚያ ሰሞን መቀመጥ አቅቷት ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ሥራዋ እንደገባች ኮቷን ሳታወልቅ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ታራግፋለች፣ ትዘጋለች። ሰሐኖችን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ምንድን ነው ስላት ለቤተ ክርስቲያን ባዛር ነው አለችኝ። አራት ካርቶን ሲሞላ፣ እናቴ እንዲህ ለጋስ ከሆነች ለልጇ አንድ ቧንቧ ምን አለበት ብዬ ተንገበገብኩ። ባዛር የሚባል ነገር በዚያ ዓመት እንዳልነበረ ያወቅኩት አሁን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ኖሮ ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

አንድ ቀን ማስቲካ ፍለጋ ኮቷ ኪስ ውስጥ እጄን ስከት አዲስ ቁልፍ አገኘሁ። ቁጥር ያለበት ትንሽ ብረት ተንጠልጥሎበታል። የቤታችን ቁልፍ እንዲህ አይደለም። በየበሩ ሞከርኩት፤ የጓሮው በር፣ ጋራዡ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ፣ አንዱም እሺ አላለም። ታዲያ የምን ሊሆን ይችላል? አሰብኩ አሰብኩና ደረስኩበት፦ እናቴ የውሃ ማሞቂያው ክፍል ላይ ቁልፍ ልታስገባበት ነው፣ ባልዲውንም ልትከለክለን። ቁልፉን መልሼ ከተትኩና ያን ቀን ከሰዓት ጓሮ ወጥቼ ኳሷን ጣውላው ላይ መታሁ፣ መታሁ፣ ክንዴ እስኪዝል መታሁ።

የገና ዋዜማ ገበታችን የጾም ነው፤ አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ይቀርባል፣ የመጀመሪያው ኮከብ ሳይታይ ማንም አይቀምስም። መስኮት ላይ ተለጥፌ ኮከብ ስጠብቅ እናቴ ኮሪደር ውስጥ ስልክ ስታወራ ሰማኋት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ለእኔ ጆሮ መጥሪያ ደወል ነው። «ከጥምቀት በኋላ» አለች። «አይ፣ እሷ እስከ ሰኔ፣ ትምህርቷን ትጨርስ።» ቀጥሎ፣ «አንድ መኝታ ቤት ይበቃኛል።» ቀጥሎ፣ «አልነገርኩትም። ስነግረው ምን ይለኛል? ደህና ነኝ ይለኛል።»

ይህን ሁሉ ይዤ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። በራሴ ስሌት፣ አክስቴ ከጥምቀት በኋላ መጥታ እስከ ሰኔ አንድ መኝታ ቤት ልትይዝብን ነው፤ መኝታ ቤቱ ደግሞ የእኔ ነው። አባቴ አያውቅም። ስለዚህ ቧንቧው ከጥምቀት በፊት ካልገባ መቼም አይገባም። ኮከቡ ወጥቶ ሲጠሩኝ አልሰማሁም። ስንዴውን በማር ሲያቀርቡልኝ ማንኪያዬን ሰክቼ ተውኩት። እናቴ ከጠረጴዛው ማዶ ስታየኝ ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ እኔ ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

ጥምቀት ሲያልፍ ቄሱ፣ አባ ሮማን፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠበል ይረጫሉ። የእኛ ተራ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። እናቴ ግንባሬን ዳስሳ፣ ሁለት ጊዜ ዳስሳ፣ ፀጉሬን ከፊቴ መልሳ ሄደች። ያን ቀን እንዲያ መዳሰሷ ለሆዴ መስሎኝ ውሸቴ ስለሠራ ተደስቼ ነበር።

መኪናዋ ከመንገዱ እንደጠፋ ወረቀት አወጣሁ። እናቴ ሁልጊዜ የምትጽፈው በትልልቁ የሕትመት ፊደል ነው፤ ከገበያ ዝርዝሯ ላይ እያየሁ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ። የወጣልኝ ይህ ነው፦

«ኔስቶር፣ እባክህ ዛሬ ቧንቧውን አስገባልን። ለዳኒሎ ነው። እኔ እንዳልኩ አትንገረው። ሥራ ቦታም አትደውልልኝ፣ አለቃዬ ይቆጣል። ቬርና።»

ኔስቶር ወረቀቱን በደህናው ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አነበበ። እኔን አየኝ። እሱ ግን «ሴትዮዋ በስተርጅና ፍቅር ያዛት» አለና መሣሪያውን ሊያመጣ ገባ። ምድር ቤት ወርዶ ግድግዳውን ሲሰረስር አጠገቡ ቆሜ መብራት ያዝኩለት። ብረቱ ጮኸ፣ አቧራው ዓይኔን ሞላው፣ ድንገት ቀዳዳው ከዚያ በኩል ተከፈተና እንደ ሳንቲም የከበበ የቀን ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር እንደ ቢላ የሚቆርጥ ብርድ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ቧንቧው ከጓሮ ግድግዳ አፉን አውጥቶ ቆመ። ስንከፍተው እንፋሎቱ እስከ መስኮቱ ደረሰ። ኔስቶርን አቀፍኩት። እሱ ደግሞ ምሳ የለም ወይ አለኝ።

ምሳውን በልቶ ሄደ ብዬ ሳስብ ሶፋው ላይ አንቀላፍቶ ኖሯል። አባ ሮማን ቀደም ብለው ሲያንኳኩ በሩን የከፈተላቸው እሱ ነው። ከዚያ እናቴ ደረሰች። ገና ኮቷን ሳታወልቅ ኔስቶር፣ ምስጢር ሆዱን የሚነፋው ሰው፣ «ኑ አባ፣ አዲሱን ሥራ ይባርኩልን፣ ቬርና ያሠራችው ነው» ብሎ ሁላችንንም ወደ ጓሮ ነዳን።

እናቴ ቧንቧውን አየች። ግድግዳውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ተይዣለሁ። ፊቷ ከበረዶው ነጣ። አባ ሮማን ግን ጠበሉን በቧንቧው ላይ ረጩ፤ ጠብታዎቹ ብረቱ ላይ ወዲያው ዶቃ ሆነው ቀሩ። ዞረው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«ሰው ሊኖርበት ያሰበውን ቤት ነው የሚያድሰው፣ ቬርና። እግዚአብሔር በዚሁ ቤት ያቆያችሁ» አሏት።

አፏን ከፈተች። «አሜን» እንኳ አላለችም። ለቀዳዳው የተናደደች መሰለኝ፤ ቄስ ፊት ስለሆነ ብቻ የተረፍኩ መሰለኝ።

የአባቴ መኪና የደረሰው ያኔ ነው። ፀጉሩ ከጉድጓዱ ቆብ ሥር ተጨፍልቆ፣ ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ኔስቶር አላስችለው አለ፦ ወረቀቷን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበለት፤ «እኔ እንዳልኩ አትንገረው» የምትለዋንም ጭምር። «ሚስትህን አመስግን፣ አንተ አህያ» ብሎ ጨመረ። አባቴ ወረቀቱን ተቀበለውና አየው። ሦስት መስመር ናት፤ እሱ ግን ጋዜጣ የሚያነብ ይመስል ቆየባት። ቀና ብሎ እኔን አየ። ቀጥሎ እናቴን።

ቄሱ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ኔስቶርም ተከትሎ ወጣ። በሩ ተዘጋ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ቀረን፤ እናቴ ኮቷን እንደለበሰች፣ አባቴ ወረቀቷን እንደያዘ፣ እኔ በሩ አጠገብ ለመሮጥ ተዘጋጅቼ። አሁን ትናገራለች አልኩ። እናቴ ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

«ይሠራል ወይ? እስኪ እንየው» አለች።

ተከታትለው ወጡ። መስኮቱ ላይ ያለውን ውርጭ በትንፋሼ አቅልጬ በቀዳዳው አየኋቸው። አባቴ ቧንቧውን ከፈተ። እንፋሎቱ ሁለቱንም እስከ ወገባቸው ዋጣቸው። እናቴ ጓንቷን አውልቃ እጆቿን ሙቁ ውሃ ሥር አደረገች። ከዚያ አባቴ ማውራት ጀመረ። አባቴ! ቆቡን በዚያ ብርድ አውልቆ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ አንዴ ወደ መሬት እያመለከተ፣ አንዴ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ፣ ብዙ፣ እጅግ ብዙ አወራ። ምን ያህል እንደቆዩ ባላውቅም ቀዳዳዬ ሦስት ጊዜ ውርጭ ሸፍኗት ሦስት ጊዜ ከፍቻታለሁ። ጎማው በየት በኩል እንደሚዘረጋ እያስረዳት ነው አልኩ። ምን ያህል ቢረዝም ነው ይህ ጎማ?

አልተቀጣሁም። አክስቴ አልመጣችም። ካርቶኖቹ ኮሪደር ላይ አንድ ወር ተቀመጡ፤ ከዚያ ሰሐኖቹ አንድ በአንድ ከጋዜጣቸው እየወጡ ወደ መደርደሪያው ተመለሱ። ባዛሩ ተሰረዘ ብዬ ጉዳዩን ዘጋሁት። በመስከረም እናቴ ሳስካቱን እየተመላለሰች የራጅ ሙያ መማር ጀመረች፤ ከሥራ በሚያርፍበት ቀን አባቴ ያደርሳታል፣ እስክትጨርስ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃታል። የእኔን ነገር ከጠየቃችሁ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሙቅ ውሃ ፈስሶልኝ በመጋቢቱ ምርጫ ወደቅኩ። አሰልጣኙ ፈጣን ናት ግን አትሰማም አለ።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ለክፍል ጓደኞቼ፣ ኋላም ለሥራ ባልደረቦቼ እንደ ቀልድ ስነግር አሥር ዓመት ሞላኝ። እናቴን እንዴት እንዳሸነፍኳት። ባለፈው ወር እናቴን ሆስፒታል ወደ ሥራዋ ሳደርሳት፣ መኪና ውስጥ እንደገና ጀመርኩላት፤ የገለበጥኩትን ፊደል፣ የኔስቶርን ፊት። ነፍሱን ይማረውና ኔስቶር ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። የትራፊክ መብራት ይዞን ቆመን ነበር። እናቴ በጣቷ ከመንገዱ ማዶ ያለ የሸክላ ፎቅ አሳየችኝ።

«ሁለተኛ ፎቅ፣ ከዳር ያለችውን መስኮት አየሻት? የኔ ነበረች» አለች። «የመጀመሪያውን ሣምንት ፍራሽ ብቻ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ቁልፉ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ለአባትሽ ያን ረቡዕ፣ ቄሱ እንደሄዱ ልነግረው ነበር። ሐሙስ ልሄድ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላዬ አንዱ ጥሩምባ ነፋ። ነዳሁ፣ ግን የት እንደምነዳ አላውቅም። ከአባቴ ጋር ሳይሆን ከዝምታው ጋር መኖር እንዳቃታት ነገረችኝ። ከበረዶው ጋር ሲታገል እያየች እሷ ከመስኮቱ ውስጥ ቀስ በቀስ እየጠፋች እንደነበር ነገረችኝ። ቤቱ እንደሚሸጥ አስባ፣ እኔን በሰኔ ልትወስደኝ ነበር። ያን ጠዋት ግንባሬን የዳሰሰችው ለሆዴ አልነበረም።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ? እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ታውቂያለሽ» አልኳት።

«ወረቀቷን ሲያነብ ፊቱን አየሁት። ለአንድ ቀን ልተውለት ብዬ ነው። ነገ እነግረዋለሁ ብዬ።» መስኮቱን በግማሽ ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ውጭ ስንወጣ ስለ ሌቭኮ ነገረኝ። ማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ከጎኑ ስለሞተው ጓደኛው። አለቱ ሲወርድ እጁን ይዞት እንደነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነገረኝን እዚያ ቧንቧ ሥር ቆሞ ነገረኝ። በማግስቱ ልነግረው ስል እሱ እንደገና ማውራት ጀመረ። ከዚያ በኋላ መቼ ልንገረው?»

ያ ሁሉ ጎማ እንግዲህ ሌቭኮ ነበር። ይቆጭሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄ ሳይሞላ።

«አንዳንድ ቀን እግዜር ይስጥሽ እልሻለሁ። አንዳንድ ቀን ያን ቧንቧ በመፍቻ ነቅዬ መንገድ ላይ ልወረውረው ያምረኛል። ዛሬ የትኛው እንደሆነ አትጠይቂኝ» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ሥራም እምቢ አለኝ። አዳራሹ ውስጥ መኪናዬን እየነዳሁ አንዱን ጥግ ሁለቴ አለሰለስኩ፣ ሌላውን ረሳሁት። አባቴ አሁንም ለመጣ ሰው ሁሉ «ባለቤቴ ናት ያስገባችልኝ» ይላል። ወረቀቷን በኪስ ቦርሳው ውስጥ ይዟት ይዞራል፤ በእጥፋቷ በኩል ተበጥሳ በፕላስተር ተጣብቃለች። በእኔ ውሸት ላይ አንድ ሰው አሥር ዓመት ተኝቶ ኖሯል። ልንገረው? ብነግረውስ ምን ይተርፈዋል? ባልነግረውስ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

እሑድ ከሰዓት ጓሮ ወጣሁ። አባቴ የጎረቤት ልጆች እንዲጫወቱበት በረዶውን እያለሰለሰ ነበር፤ ጎማው ከኋላው ይጎተታል፣ እንፋሎቱ ጉልበቱ ላይ ይጠመጠማል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ከአንዱ እግሬ ወደ ሌላው ተዘዋወርኩ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ተፋሁት፤ ወረቀቷን የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ እማዬ ምንም አታውቅም ነበር፣ ይቅርታ።

ውሃውን አልዘጋውም። አልደነገጠምም።

«እናትሽ ኔስቶርን እባክህ ብላው ታውቃለች?» አለኝ።

«ታውቅ ነበር? ከመጀመሪያው?»

«ካርቶኖቹንም አውቅ ነበር። ቁልፉንም።» ጎማውን ወደ ሌላኛው ጥግ አዞረው። «ብጠይቃትስ ከምን ልጀምር? በየቀኑ ዛሬ እጠይቃታለሁ እልና ባልዲ አነሳለሁ።»

«ታዲያ ወረቀቷን ለምን ታቅፈህ ትዞራለህ? የውሸት ወረቀት!»

ብዙ ዝም አለ፤ እንደ ድሮው ዝምታው መስሎኝ ፈራሁ። እያሰበ ነበር።

«ቄሱ ሄዱ፣ ኔስቶርም ሄደ» አለ። «በሩ ተዘጋ። አሁን እኔ አይደለሁም ትላለች፣ አሁን ትለኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኳት። ልታስተባብል ትችል ነበር፤ ማንም አልያዛትም። እሷ ግን ይሠራል ወይ አለችኝ። ወረቀቷ ያንቺ ናት። ዝም ማለቷ ግን የራሷ ነው። የታቀፍኩት እሱን ነው።»

የወጥ ቤቱ መስኮት ተከፈተ። እናቴ አንገቷን አውጥታ፣ እዚያ ብርድ ላይ ምን እንደምንዶልት ጠየቀችን። አባቴ እኔን አየኝ፤ ያቺ ከአሥር ዓመት በፊት ወረቀቷን ይዞ ያየኝ እይታ ናት፣ ዝም በይ ማለቷ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

«ስለ በረዶው ነው እማዬ!» አልኳት።